መርዶ ያልነገርኩት እኔ ነኝ

አክስቴ ያረፈችው ልጇ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሳለ ነው። መርዶውን ሄጄ እንድነግረው ቤተ ዘመድ የመረጠው እኔን ነበር፤ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለሆንኩ የማጽናኛ ቃል አያጣም ተብሎ። እሺ አልኩ። አልሄድኩም። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባዋም ወጣ። እሱ እዚያ ሆኖ እናቱ ስንቅ ይዛ የምትመጣበትን እሑድ ይጠብቃል። በመጨረሻ የሰማው ከባዕድ ሰው ነው። የሌላ እስረኛ ጠያቂ የሰፈራችን ሰው ኖሮ፣ የሚያውቅ መስሎት «ነፍሷን ይማር» አለው።

ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። እንደገና እዚህ የምጽፈው የቀረሁበት መንገድ ስለሚያሳፍረኝ ነው። እየጸለይኩ ቀረሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀስኩ ቀረሁ። እንደ እኔ ያለ ሌላ ሰው እንደሚኖርም እገምታለሁ።

የአክስቴ ልጅ የተፈረደበት የመሥሪያ ቤት ገንዘብ አጉድሎ ነው። ማጉደሉን ራሱም አልካደም። እኔም ለዚያ የሚሆን ጥቅስ አላጣሁም፤ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ስለ መዝራትና ስለ ማጨድ የጻፈውን አገኘሁ። እናቱ ፊት ሳይቀር ጠቀስኩት። ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና ቀና ብላ አየችኝ። «ይጨድ፣ ልጄ። አጫጅ ታዲያ ውኃ የሚያቀብለው አይፈልግም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እሷ ግን ታቀብል ነበር። በሌሊት ትነሳለች፤ በጾም ሽሮና ምስር፣ በፍስክ ደግሞ ካገኘች ትንሽ ሥጋ ጨምራ ትሠራለች። ምሳ ዕቃውን በነጠላ ጠቅልላ ከሽሮ ሜዳ ቃሊቲ ትወርዳለች። በር ላይ መታወቂያ ይታያል፤ ስልክ ውጭ ይቀራል፤ የእስረኛው ስምና ዞን ይመዘገባል፤ ፍተሻ አለ፤ ያመጡትን ምግብ ራስ ቀምሶ ማሳየት አለ። ከዚያ በኋላ በአጥር ማዶና ማዶ ቆሞ ለጥቂት ጊዜ መነጋገር ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት እሷ ከሞተች በኋላ ራሴ ስሄድ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስትመላለስ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ነው እዚያ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። መንገዱ ራቀኝ እንዳልል፣ ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንዱ መስመር ቃሊቲ ድረስ የተዘረጋ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ በገብር ኄር፣ ስለ መክሊቱ የማስተምረው እኔ ነኝ። ምንባቡ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ነው፤ ቁጥር 30 ላይ ያበቃል። እኔም እዚያው ላይ አበቃለሁ። ከቁጥር 31 ጀምሮ ያለው ጌታ በጎቹን ከፍየሎቹ የሚለይበት፣ ስለ ተራበው፣ ስለ ታረዘውና ስለ ታሰረው የሚጠይቅበት ክፍል ነው። በእኔ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱ ጎን ለጎን ታትመዋል። መክሊቱን መሬት ውስጥ የቀበረውን ባሪያ በድምፅ ማጉያ እየገሠጽኩ፣ ዓይኔ የዚያኛውን ዓምድ ፊደል እያየ አልፎታል። ያ ባሪያ ለጌታው የሰጠው ምክንያት ፈራሁ የሚል ነበር። እኔም ፈርቼ ነው። የሌባ ዘመድ ሆኜ በዚያ በር መታየት ፈርቼ ነው።

እኛ አማኞች እስርን የምናከብርበት ጊዜ አለ፤ የታሰረው ንጹሕ ሲሆን። ዮሴፍን፣ ዳንኤልን፣ መጥምቁ ዮሐንስን እናነሣለን። ከቅርቡም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው የታሰሩትን፣ በ1971 ዓ.ም. የተገደሉትን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን፣ በዚያው ዓመት ታፍነው የተገደሉትን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቄስ ጉዲና ቱምሳን እንዘክራለን። መዘከርም ይገባናል። አጥፍቶ የታሰረው ጋ ስንደርስ ግን እጃችን ያጥራል። ጌታ በዚያ ምዕራፍ ላይ እስረኛው በምን እንደተከሰሰ አይናገርም፤ በግፍ ነው በፍርድ ነው ብሎ አይለይም። ከእርሱ ጋር ገነት እንዲገባ ቃል የተገባለት ሰው ደግሞ ቅጣቱ የሚገባው መሆኑን በራሱ አፍ የመሰከረ ወንበዴ ነው። በየዓመቱ ስቅለት ይህን ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማንን፣ እያሰብኩ ስሰግድ፣ የእኔ ወንበዴ ቃሊቲ እንዳለ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ልጁ መርዶውን ከባዕድ ከሰማ ወዲህ የዮሴፍን ታሪክ ሳነብ የምቆየው ከጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ጋር ነው። ሰባኪዎች በዚህ ሰው ላይ ብዙ አይቆዩም። ወህኒ ቤት ሳለ ሕልሙ ተፈታለት፤ ዮሴፍም ስትወጣ አስበኝ ብሎ ለመነው፤ ወጣና ረሳው። ሁለት ዓመት አለፈ። ያስታወሰው ፈርዖን ሕልም አልሞ ፈቺ ሲጠፋ ነው፤ ያኔ የመጀመሪያ ንግግሩ ኃጢአቱን ዛሬ እንደሚያስብ መግለጽ ሆነ። ዘግይቶም ቢሆን ተናገረው። እኔን ደግሞ ያነቃኝ የወንድሞቼ ወቀሳ ነው፤ ልጁ መስማቱን ሲያውቁ ፊት ነሱኝ። ንስሐ አባቴ ጾምና ስግደት ከሰጡኝ በኋላ፣ «ስግደቱን ቤትህ ትሰግዳለህ፣ ልጄ። ይቅርታውን ግን ሄደህ ራሱን ነው የምትጠይቀው» አሉኝ።

ሄድኩ። ጠያቂ አለህ ተብሎ ሲጠራ ከወዲያኛው አጥር መጣ። ለእናቱ ሐዘን ጢሙን አሳድጓል። እኔ ከመጽሐፈ ኢዮብ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ አፌን ስከፍት ጠፋኝ። «ጋሼ፣ ስትሞት አጠገቧ ማን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ማን እንደገነዛት፣ የት እንዳረፈች፣ ዕድርተኛው እንዴት እንደወጣ ሁሉ። ሰዉ ሁሉ በየአቅጣጫው ስለሚናገር ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። አጠገቤ የቆመች ሴት ባሏን ስለ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ታማክራለች፤ እኔ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አቅፎ፣ በለሆሳስ ሊነገር የሚገባውን እየጮህኩ እናገራለሁ። ይቅር በለኝ አልኩት። ዝም አለ። ሰዓቱ አብቅቷል ሲባል፣ «ስትመጣ ጋቢዋን አምጣልኝ» አለና ገባ።

ያን ሰሞን ሁለተኛውን የጢሞቴዎስ መልእክት አነበብኩ። ጳውሎስ በሰንሰለት ሆኖ፣ መሞቻው መቅረቡን እያወቀ ይጽፋል። ትልቁን ነገር ሁሉ ከጻፈ በኋላ በጢሮአዳ የተወውን በርኖሱን ጢሞቴዎስ እንዲያመጣለት፣ ከክረምት በፊትም እንዲደርስለት ይለምናል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሄኔሲፎሩ የሚባል ሰው በሰንሰለቱ ሳያፍር ሮሜ ድረስ መጥቶ፣ ፈልጎ እንዳገኘው ያነሣል፤ ለቤተሰቡም ምሕረት ይለምናል። ይህን መልእክት ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ብርዱን ሳላየው ነበር የማስተምረው።

ጋቢውን ወሰድኩለት። ይቅር ብያለሁ ያለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ከልቡ ነው። ሆኖም ከእኛ ጋር ያላለቀሰው ለቅሶ ቀርቷል፤ ያንን የምመልስበት መንገድ የለኝም። ዛሬ በአመክሮ ወጥቶ ከእኛ ጋር ይኖራል። አንዳንድ እሑድ አብረን ወደ ማረሚያ ቤት እንሄዳለን፤ እዚያ ሳለ ጠያቂ የሌላቸውን ያውቃቸው ነበርና ስማቸውን እያስመዘገበ ያስጠራቸዋል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ እስረኛ ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹና ከሃይማኖት አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ እናንተ ማረሚያ ቤት ወንድም፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ ያላችሁ፣ አጠፋ ብላችሁ የተዋችሁት ሰው ካለ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የምትሉትን አታዘጋጁ። የቤተሰቡን ወሬ ንገሩት፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደታመመ። የሞተም ካለ አትደብቁት፤ ከባዕድ ሳይሰማ ከእናንተ አፍ ይስማ።