ስለ አንዲት የቤንዚን ፖምፓና ስለ ችኮላ ፍርድ

ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው። የከሳሽን ቃል፥ የተከሳሽን መልስ፥ የምስክርንም ነገር በየተራው እየጻፍን ከሃያ ዓመት በላይ ኖረናል። ዳሩ ግን ሰው በችሎት ዘወትር የሚያየውን በቤቱ ሲረሳው ይገኛል፤ እኛም ባለፈው ጥር ምስክር ሳንሰማ በገዛ ቤተ ሰባችን ላይ ፈረድን። የነገሩም መነሻ አንዲት የቤንዚን ፖምፓ ስለ ሆነች፥ ሌላው የቤት አባት ከእኛ ስሕተት እንዲማር ብለን እንደ ሆነው እንጽፈዋለን።

በ1973 ዓ.ም. የተሠራች፥ አባታችን ያቆዩልን አንዲት ፒክአፕ አለችን። የሚነዳት የእኅታችን ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት፥ ጠባዩ ዝምተኛ፥ እጁ ለሥራ የፈጠነ ነው። ከኅዳር ወር ጀምሮ ግን የቤንዚኑ ልክ ከመንገዱ ርዝመት ጋር አልስማማ አለ። 40 ሊትር በተሞላ ቍጥር ሦስት ወይም አራት ሊትር የገባበት ሳይታወቅ ይጎድላል፤ መኪናዪቱ በምታድርበትም ስፍራ ምንም እርጥበት አይታይም። እኛም ማንንም ሳንጠይቅ በልባችን «ልጁ እየቀዳ ይሸጠዋል» አልን። የመጠባበቂያውን ጀሪካን ቈልፈን ቍልፉን በኪሳችን ያዝን፤ የተሞላውንና የተነዳውንም በደብተር መጻፍ ጀመርን። ልጁ ይህን ሁሉ እያየ ምንም አልተናገረም፤ እኛም ዝምታውን የበደለኛ ዝምታ አድርገን ቈጠርነው።

በጥር ወር እናታችንን ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት ደጀን ሄድን። በመመለሻችንም ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርደን፥ ድልድዩን ተሻግረን፥ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣውን ዳገት ጀመርን። ዳገቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ፥ በቀትርም ሙቀቱ እጅግ የሚያስጨንቅ ነው። እኩሌታውን ሳንደርስ ሞተሩ ሳል እንደ ያዘው ሰው ተንተፋተፈና ጠፋ። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ፥ ጨርቅ በውሃ ነክሮ በፖምፓው ላይ ጣለበት፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ተነሣ፤ ትንሽ ሄዶ ግን እንደገና ቆመ። እናታችን ዓይናቸውን ከፀሓይና ከአቧራ በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ይህን ባየን ጊዜ ትዕግሥታችን አለቀ።

«ቤንዚኑን እየሸጥህ በጭላጭ ታስኬደናለህን?» ብለን በእናታችን ፊት ጮኽንበት።

«ጋሼ፥ ሰርባቶዮው ከግማሽ በላይ አለው፤ ከፍተው ይዩት» አለ።

«የእስከ ዛሬውስ የት ገባ?»

ለዚህ መልስ አልነበረውም። ፊቱን ወደ ገደሉ መለሰ። እናታችን ግን ነጠላቸውን ሳይገልጡ፥ «ልጄ፥ አንተ በምትሠራበት ቤት እንዲህ ነው የሚፈረደው? ምስክሩ ማን ነው?» አሉን። እኛም ዝም አልን። ሰባት ጊዜ እየቆምን ጎሐ ጽዮን የደረስነው ሲመሽ ነበር።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ መኪናዪቱን ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድናት። የመኪናን ነገር ከየኔታም ሆነ ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አልተማርነውምና፥ ፖምፓው በቶሎ እንዲለወጥ ብቻ ነገርናቸው። እርሳቸው ግን «ይቆዩ ጌታዬ፤ አስቀድመን እንይ» ብለው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፏል። አሸተቱት፤ ለእኛም አቀረቡልን፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። «የጠፋባችሁ ቤንዚን ይኸው» አሉ። ልጁ በአጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እኛም ወደ እርሱ ለማየት አፈርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ባለው አሮጌ ሞተር የቤንዚን ፖምፓ በሞተሩ ጎን ተጣብቆ በሞተሩ ኃይል ይሠራል። በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዘንግ የፖምፓውን ክንድ ይገፋዋል፤ ክንዱ ዲያፍራም የተባለውን ስስ ጎማ ሲስበው ቤንዚኑ ከሰርባቶዮ ይመጣል፤ ሞላው ሲመልሰው ወደ ካርብራቶር ይሄዳል። ዲያፍራሙ በእርጅና በተሰነጠቀ ጊዜ ግን ከቤንዚኑ ከፊሉ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል፤ ከፊሉም በፖምፓው ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ በሞተሩ ሙቀት ይተናል። በመሬት ላይ ምልክት ያልተገኘው ስለዚህ ነው። ዘይቱም በቤንዚን ከቀጠነ ሞተሩን ማለስለስ ይሳነዋል፤ ቸል ያሉት እንደ ሆነ ሞተሩን ያጠፋል።

ከሶማሌ ተራ አዲስ ፖምፓ ገዝተን ባመጣን ጊዜ ነገሩ ያለቀ መሰለን። ሽማግሌው ግን ፖምፓውን ካሰሩ በኋላ፥ ወደ ካርብራቶር የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው በጠርሙስ ውስጥ አገቡት፤ ብልጭታ እንዳይነሣም የኮይሉን ሽቦ ፈትተው ሞተሩን በሞተሪኖ አዞሩት። ቤንዚኑ መጣ፤ ነገር ግን አረፋ ነበረበት። ቀጥለው ከጀሪካን በንጹሕ ቱቦ በቀጥታ ወደ ፖምፓው መግቢያ አገናኙት፤ አረፋው ጠፋ። እንግዲህ አዲሱ ፖምፓ ነጻ ወጣ፤ ጉድለቱም ከሰርባቶዮው እስከ ፖምፓው ባለው መስመር እንደ ሆነ ተረጋገጠ።

ልጁ ከመኪናዪቱ ሥር ገብቶ ሁለት ነገር አገኘ። ከሰርባቶዮው በላይ ያለው የጎማ ቱቦ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የብረቱም ቱቦ ከሻሲው ጋር በሚታሰርበት ስፍራ ዝገት በልቶት የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ተበስቷል። ይህ መስመር በመሳብ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ቤንዚን ወደ ውጭ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ከዚህም በላይ ከፍ ባለ አገር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ፈጥኖ ወደ ተን ይለወጣል፥ የፖምፓውም የመሳብ ኃይል ያንሳል። የተቀደደ ዲያፍራም፥ አየር የሚያስገባ ቱቦና የጋለ ሞተር በአንድነት በዳገት ላይ ያዙን እንጂ የልጁ እጅ አልነበረበትም።

ሰርባቶዮው ተገልብጦ ታጠበ፤ የብረቱ ቱቦና ፊልትሮው ተለወጡ። የጎማውም ቱቦ ለቤንዚን ተብሎ በተሠራ ተተካ፤ የውሃ ቱቦን ቤንዚን ያበላሸዋልና። መጋጠሚያው ሁሉ በፋሼታ ታሰረ፤ መስመሩም ከጭስ ማውጫው እንዲርቅ ተደረገ። በፖምፓውና በሞተሩ መካከል ሙቀት የምትከላከለው ወፍራም ሰሌዳ ከሁለት ጋርኒሲዮን ጋር ወደ ስፍራዋ ተመለሰች። በመጨረሻም የተበላሸው ዘይት ፈሶ አዲስ ተሞላ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ባትሪው ተፈትቶ ነበር፤ እሳትም ወደዚያ አልቀረበም።

በማግስቱ ልጁ ወደ እንጦጦ ዳገት ነዳት፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንተፋተፈም። እኛም በአጠገቡ ተቀምጠን ልንናገር ወደድን፤ ነገር ግን ክሱ በሰው ፊት ስለ ተነገረ ይቅርታውም በሰው ፊት ሊሆን ይገባል ብለን ተውነው። በማታ እናታችንና ባለቤታችን ባሉበት ተነሥተን፥ «ልጄ፥ ያለ ምስክር ፈረድንብህ፤ በድለንሃል፤ ይቅር በለን» አልነው።

አንገቱን ደፍቶ ቆየና፥ «ጋሼ፥ ከመንገዱ ቍጣ ይልቅ የከበደኝ ደብተሩ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሲጽፉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም» አለ። እናታችን እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ዳሰሱት። እኛም የጀሪካኑን ቍልፍ ከኪሳችን አውጥተን ሰጠነው። ደብተሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርሱ እጅ ነው፤ የዘይቱን ልክ በየሳምንቱ ይጽፍበታል።

የቤት አባቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ከቤታችሁ አንዳች ነገር በጎደለ ጊዜ አስቀድማችሁ ጠይቁ፥ ቀጥላችሁ መርምሩ፥ ከዚያ በኋላ ፍረዱ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ማለታቸው ለችሎት ብቻ አይደለም። ፖምፓ በገንዘብ ይለወጣል፤ በልጅ ልብ ውስጥ የገባ ሐዘን ግን ከሶማሌ ተራ በሚገዛ ዕቃ አይጠገንም።