ከቴፒ እስከ ባሮ፦ ሳፋ ላይ የተንሳፈፈችው መርከብ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችሁ ምን ይሠራሉ? እኛ ቤት መልሱ ለዓመታት አንድ ነበር፤ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ እንደገና ስልክ። ባለፈው ክረምት ግን የ11 ዓመቷን ልጄን ይዤ ቴፒ፣ አባቴ ዘንድ ወረድኩ። ሻንጣችን ውስጥ ከዝናብ ልብስና ከጫማ ሌላ ግማሽ የተሠራች የእንጨት መርከብ ነበረች።

“ደግሞ ከቡና አገር መርከብ ምን አገናኘው?” ትሉ ይሆናል። ልጄም ያለችው ይህንኑ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን መንገዱን አብረን እንውረድ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ በአንድ ቀን ቴፒ እንገባለን ብላችሁ አትድከሙ፤ ጅማ ወይም ቦንጋ እደሩ። ቦንጋ ላይ ብሔራዊው የቡና ሙዚየም አለ፤ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁና ጎራ በሉ። ከቦንጋ በኋላ ደኑ እየጠነከረ ይሄዳል። ቡናው እንደ ሌላው አገር በመስመር የተተከለ ብቻ አይደለም፤ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ የበቀለውም አለ። ዛሬ በዓለም ገበያ ውድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የጌሻ ቡና ዘሩ የተገኘው ከዚሁ አካባቢ ነው።

ሚዛን ተፈሪ ስትደርሱ ሙዝና አናናስ በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ሰፊው የበበቃ ቡና እርሻ ከከተማዋ ብዙም አይርቅም። ቴፒ ደግሞ ሞቃት ናት፤ ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬውና እርዱ በአንድ ግቢ ይበቅላሉ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ቆርቆሮው ላይ የሚያሰማው ድምፅ ጨዋታ ያስቆማል። ያ ሁሉ ውኃ በየጅረቱ እየተጠራቀመ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሮና አኮቦ ተፋሰስ ይወርዳል። የመርከቧ ታሪክም የሚገኘው እዚያው ውኃ ላይ ነው።

ቡና በመርከብ ሲሄድ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። በውሉ 4ኛ አንቀጽ መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቀደ። ጣቢያው በኋላ የተቋቋመው ጋምቤላ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ በኩል ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጨውና ጨርቅ ያመጣሉ፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወስዳሉ። ቡናው 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከጎሬና ከአካባቢዋ እየተጫነ፣ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ጋምቤላ ቆላ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ይወርድ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም ነጻ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ፤ ጣቢያውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

አባቴ የተወለደው ጎሬ ነው። በልጅነቱ የአያቴን በቅሎዎች ተከትሎ ጋምቤላ መውረዱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ምን እንዳየ ግን ጠይቀነው አናውቅም። አሁን እድሜው ገፍቷል። እኔን በእህቴ ስም ይጠራኛል፤ ምሳ መብላቱን ይረሳል። መርከቧን ይዘን የሄድነው ምናልባት ብታስታውሰው ብለን ነው።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥናት። እኔ በሥዕል ባየሁት መርከብ ተመርቼ ውኃ የሚቀዝፈውን መንኮራኩር በግራና በቀኝ አድርጌው ነበር። አባቴ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጣቱን ጫፏ ላይ አሳረፈና “ልጄ፣ ይሄ እኮ ከኋላ ነው” አለ።

እውነቱን ነው። በዚያ መስመር ይሠሩ የነበሩት አብዛኞቹ መርከቦች መንኮራኩራቸው ከኋላ ነበር። ምክንያቱም ከመርከቧ ሥር የሚሽከረከር ማራገቢያ ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል፤ ባሮና ሶባት ግን አሸዋ ይበዛባቸዋል። መንኮራኩሩ ክንፉን ብቻ ነክሮ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መርከቧም ወደ ፊት ትሄዳለች። ከኋላ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ጎኖች ነጻ ስለሚሆኑ የጭነት ታንኳዎችን ጎንና ጎን ማሰር ይቻላል። ወንዙ ሳይጎድል መመለስ ግን ግድ ነው፤ የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ሊጠብቅ ይችላል።

እናንተም ሥሩ

መርከባችንን አፍርሰን እንደገና ጀመርን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦

አንደኛ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀላል ጣውላ ፈልጉ። አናጺ ቤት ቁራጭ አይጠፋም። ፊቱን አሹሉ። ከኋላው መካከል ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ክፍተት በመጋዝ አውጡ። ግራና ቀኝ ሁለት ክንድ ይቀራል። መጋዙን አዋቂ ይያዝ፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን ለልጆቹ ተዉላቸው።

ሁለተኛ፣ መንኮራኩሩን ሥሩ። ከስስ እንጨት 5 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች አዘጋጁ። ሁለቱንም ከ6 ሴንቲ ሜትሩ ጠርዝ መካከል ጀምራችሁ እስከ ግማሽ ሰንጥቁና አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገቡት። ባለ አራት ክንፍ መስቀል ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ጠንካራ ላስቲክ በሁለቱ ክንዶች ዙሪያ፣ ከክፍተቱ መካከል ትይዩ አጥልቁ፤ እንዳይንሸራተት ክንዶቹን በጥቂቱ ሰርስሩ። መንኮራኩሩን በላስቲኩ ሁለት መስመሮች መካከል አስገቡት።

አራተኛ፣ የላይኛውን ክንፍ ወደ ኋላ እየገፋችሁ ላስቲኩን ጠምዝዙ። ሲለቀቅ በተቃራኒው ይዞራል፤ ውኃ ውስጥ ያለው ክንፍ ወደ ኋላ ይቀዝፋል። ተሳስታችሁ ወደ ፊት ከጠመዘዛችሁት መርከቧ የኋልዮሽ ትሄዳለች። እኛም ተሳስተን ነበር፤ ልጄ እስኪበቃት ሳቀች።

የመርከቧን ቤት ከካርቶን ወይም ከቀርከሃ ሥሩት፤ ጭስ ማውጫዋ አንድ ቁራጭ ቀርከሃ ትሁን። ውኃ እንዳያበላሻት ቀለም ወይም ቫርኒሽ ቀቧት። ሙከራው ግን ሳፋ ውስጥ ነው። ጋምቤላ ከዘለቃችሁ ባሮን ከሩቅ አሳዩአቸው እንጂ ልጆቹን ወደ ውኃው አታስጠጉ፤ አዞ አለ። ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ የአገሩን ሰው ጠይቁ።

ጭነቱ

የእኛ መርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለቀቅ መንኮራኩሩ ውኃ ውስጥ በጣም ጠልቆ ስለነበር ላስቲኩ ታገለ እንጂ አልሄደችም። አባቴ በረንዳ ላይ ከተቀመጠበት ሆኖ ያያል። “ጭነቱ የታል?” አለ። “ባዶዋን ትሄዳለች እንዴ?”

ልጄ ወደ ጓዳ ሮጣ ጥሬ ቡና አመጣች። ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ትንንሽ ጆንያዎች አስረን ሞላንና ከፊት ለፊት ደረደርናቸው። ፊቷ ዝቅ፣ ኋላዋ ከፍ አለ፤ መንኮራኩሩ ልክ ክንፉን ብቻ ነከረ። ለቀቅናት። ሳፋውን አቋርጣ ሄደች።

አባቴ የዚያን ቀን ከወትሮው ብዙ አወራ። ስለ በቅሎዎቹ፣ ስለ ቆላው ሙቀት፣ ስለ መርከቧ ጩኸት፣ በቅሎዎቹ ደንብረው እንደተበተኑና አያቴ እንደተቆጡት። ልጄ ደብተር አምጥታ ጻፈች። በማግሥቱ ግማሹን ረስቶት ነበር፤ ደብተሩ ግን አለ።

እናንተም ቤት አንድ ነገር ያየ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አይጠፋም። መጋዙን ከማንሳታችሁ በፊት እሳቸውን ጠይቁ፤ መንኮራኩሩ በየት በኩል እንደሆነ ያውቁ ይሆናል።