ድግግሞሽና እርማት

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ አባቶቻችን ትዕግሥትን አስተምረውናል። ሆኖም ዕንቁላል የሚፈለፈለው ቀን ስለ ቈጠረ ብቻ ሳይሆን ዶሮዋ ስለ ታቀፈችው ነው። የሰውም ትምህርት እንደዚሁ ነው፤ አራሚ የሌለው ድግግሞሽ ስሕተትን ያጸናል እንጂ አያቀናም።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን በፈተና መርምረውታል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ ዐይናቸውን ጨፍነው የ4 ኢንች መሥመር እንዲያሰምሩ የታዘዙ ሰዎች 3,000 ጊዜ ያህል አሰመሩ። ልኩን የሚነግራቸው ስላልነበረ ግን የኋለኛው ከፊተኛው አልተሻለም። በ1932 ደግሞ ትሮውብሪጅና ኬሰን፥ «ልክ ነው» ወይም «ስሕተት ነው» ብቻ ከተባለው ይልቅ የስሕተቱ መጠን የተነገረው ሰው አብልጦ እንደሚሻሻል አሳዩ።

እኛ ይህን ስናነብ ልባችን ወደ ጋይንት ይሄዳል። ድጓ የተማረ ሰው የሚያስመሰክርባት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አምባ በዚያ ናቸውና። በስማዳና በእስቴ መንገድ የቈሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ሲያልፍ እያየን አድገናል። ይህ ተማሪ ቀለሙን በቃሉ ሲወጣ የኔታ ያዳምጡታል። ዜማው በተሰበረበት ምልክት ላይ ያቆሙታል፤ ትክክለኛውን ራሳቸው አዚመው ያሰሙታል፤ ከዚያው ያስጀምሩታል። ትምህርቱን የጨረሰውም ቢሆን ሳያስመሰክር መምህር አይባልም፤ ያወቀ ሰው እንኳ የሌላ ጆሮ ያስፈልገዋልና።

ዳሩ ግን እርማት ሁሉ አይጠቅምም። ክሉገርና ዴኒሲ በ1996 ባወጡት ጥናት 607 ውጤቶችን ቢመረምሩ፥ አስተያየት መስጠት በአማካይ ሥራን ያሻሻለ ሆኖ ሳለ፥ ከሲሶ በሚበልጠው ግን ሥራውን አሳንሶት አገኙ። የሠሪው ሐሳብ ከሥራው ተነሥቶ ወደ ገዛ ራሱ ሲዞር የአስተያየቱ ጥቅም ይቀንሳል ይላሉ። «ዜማው እዚህ ላይ ወደቀ» ማለትና «አንተ ደንቈሮ» ማለት አንድ አይደሉም። በስድብና በአርጩሜ ምክንያት ትምህርቱን ጥሎ የኰበለለ የልጅነት ጓደኛ የሌለው ከመካከላችን ማን ነው?

ስለዚህ የተማሪ ደብተር የምናርም መምህራን፥ የበታቾቻችንን ጽሑፍ የምንመልስ ሹማምንት፥ ቀይ መሥመር አስምረን ብቻ አንለፍ። ስሕተቱ የት እንዳለና በምን እንደሚቀና እንጻፍበት፤ አርሞ እንዲያመጣውም ጊዜ እንስጠው። በብዙ የተማሪ ብዛትና በብዙ የሥራ ጥድፊያ መካከል ይህ እንደሚያደክም እናውቃለን። ነገር ግን ሳይታረም የሚደጋግም ልጅ ድካሙ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ እንደሚያሰምር ሰው ከንቱ ይቀርበታል።