ከጣና ዳር ያየናት ሸርጣን

ባለፈው ጥር መጨረሻ፣ በባሕር ዳር መብራት በጠፋበትና ጨረቃ ባልወጣችበት አንድ ምሽት፣ ወዳጄ ወፍ ለሚመለከቱ እንግዶች የሚያውሰውን የሩቅ ማያ መነጽር ተውሼ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ። አጎቴም ተከተሉኝ። ዕድሜያቸውን በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የባለቤታቸው አርባ ገና አልወጣም ነበር።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ያህል ስለ ነበር፣ ሠውር የሚባለው የከዋክብት ጭፍራ በአናታችን ላይ ደርሷል። ቆሞ ማየት አንገት ያጣምማልና በጀርባችን ተጋደምን። ከሠውር ደቡባዊ ቀንድ ጫፍ አጠገብ፣ እጄ እስኪረጋ ጠብቄ፣ የምፈልጋትን አገኘሁ፤ ከድስት አፍ እንደምትወጣ እንፋሎት የሳሳች ነጭ ነገር። ፈረንጆቹ «ሸርጣን» ይሏታል። በእኛ ሐሳበ ከዋክብት ሸርጣን ሌላ ስለ ሆነ ነገሩ ያደናግራል፤ በ19ኛው ምእት ዓመት ሎርድ ሮስ የሚባል አየርላንዳዊ የሣላት ሥዕል ሸርጣን ስለ መሰለ ነው።

«ኮከብ ነበረች፤ ፈንድታ ሞተች» አልሁና ትምህርቴን አፈሰስሁት። የቻይና ኮከብ ቆጣሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1054 ዓ.ም. በቀን ብርሃን ሳይቀር ለ23 ቀን ስታበራ አይተው ጽፈዋል። ብርሃኗ ወደ እኛ ለመድረስ 6500 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከመካከሏ የተረፈው አስኳል፣ ስፋቱ ከአንድ ከተማ የማይበልጥ፣ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይሾራል።

«እንግዲያው ልጄ፣ ሞታ ሳለች ነው የምታበራው?» አሉ።

ስለ ሞት ለማን እንደማወራ ያን ጊዜ ትዝ አለኝና አፈርሁ። ለማጽናናት ብዬ ግን ያልሆነውን መናገር አልፈለግሁም። የምናየው ኮከቢቱን ሳይሆን ትራፊዋን መሆኑን፣ ያን ትራፊ ዛሬም የሚያበራው የሚሾረው አስኳል መሆኑን ነገርኋቸው። ቀጥዬም ከጣና ውኃ ክብደት ከዘጠኝ ስምንቱ እጅ ኦክሲጅን እንደ ሆነ፣ ይህም ኦክሲጅን በአብዛኛው እንዲህ ካሉ ከፈነዱ ታላላቅ ከዋክብት የተበተነ መሆኑን አወራኋቸው።

«የምንጠጣው?»

«የምንጠጣውም፣ የምንተነፍሰውም።»

መነጽሩን ተቀበሉኝና ረጅም ጊዜ ያዙት። እጃቸው ከእኔ ይልቅ የረጋ ነበር፤ ቀዛፊ ናቸውና። ከዚያ መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጆች በደስታ ጮኹ፤ ሰማዩም ነጣ። አጎቴ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያወርዱ፣ «ምነው ጥቂት በቆየ» አሉ።