ደብተራ ማለት ምን ማለት ነው?

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁ ጊዜ የምዝገባ ቅጽ ተሰጠኝ። ከጥያቄዎቹም አንዱ «የአባት ሥራ» የሚል ነበር። አባቴ ደብተራ ናቸው፤ እኔ ግን «ገበሬ» ብዬ ጻፍሁ። ይህንንም ያደረግሁት፥ ብዙ ሰው ደብተራን ሁሉ ክታብ ጸሓፊና ጠንቋይ አድርጎ ስለሚያየው፥ ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ አባቴ ውጤቴን ሊቀበሉ መጡ። የክፍል ኃላፊያችን ቅጹን አይተው «እርሻው እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቋቸው። እኛ አንድ ጥማድ በሬ እንኳ የለንም። አባቴ ዘወር ብለው አዩኝና «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነው» ብለው መለሱ። ከዚያም ቤታችን እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ከራት በኋላ ጠሩኝና «ልጄ፥ የምታፍርበትን ነገር አስቀድመህ እወቀው» አሉኝ። ቀጥለውም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ደብተራ በግእዝ ድንኳን ማለት ነው። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ ሙሴ የተከላት፥ ታቦቱም ያደረባት ድንኳን ደብተራ ኦሪት ትባላለች፤ አገልጋዮቿም ሌዋውያን ነበሩ። በእኛም ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማኅሌት ቆመው፥ በመቋሚያ፥ በጸናጽልና በከበሮ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያደርሱት በዚያች ድንኳን ስም ይጠራሉ። ቅዳሴ የቄስና የዲያቆን ነው፤ ማኅሌት ግን የደብተራ ነው። ለዚህም ዜማውን፥ ቅኔውንና አቋቋሙን ለመማር ከወላጅ ተለይቶ፥ ቁራሽ እየለመኑ ብዙ ዓመት መቈየት ያስፈልጋል። አባቴም የተማሩት እንዲሁ ነው። በመጨረሻም «በክታብ የሚነግድ የለም አልልህም፤ ነገር ግን በአንዱ ጥፋት የሁሉ ስም አይጥፋ» አሉኝ።

በኋላም የአማርኛ መምህራችንን ብጠይቃቸው አንድ የሚያስገርም ነገር ጨመሩልኝ። የቃሉ ምንጭ የግሪክ «ዲፍቴራ» ሲሆን ትርጉሙ የተለፋ ቆዳ ነው። ከቆዳ ድንኳንም መጻፊያም ይሠራ ነበርና፥ ቃሉ በአንድ በኩል ደብተራ ሆነ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በዐረብኛው «ደፍተር» በኩል አልፎ ደብተር ሆነ። እንግዲህ በየቀኑ ይዤው የምመጣው ደብተርና ያፈርሁበት የአባቴ ማዕርግ የአንድ ቃል ልጆች ናቸው።

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ ቅጹ እንደገና ተሰጠኝ። «የአባት ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት «ደብተራ» ብዬ ጻፍሁ። ለአባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም፤ ይህችን መጽሔት ሲያነቡ ያገኙታል።