ለመስቀል መንገድ የሚሆን ምድጃ

መስከረም ጠብቶ የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ከሚጓዘው ሰው ብዙው ከዕቃው መካከል የከሰል ምድጃ ይጭናል። ወልቂጤ ወደ 155፣ ቡታጅራም ወደ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ መንገደኛው ከዛፍ ጥላ ሥር ሲያርፍ ቡናውን ያፈላበታል፤ ከደረሰም በኋላ እንግዳ በዝቶ ቤቱ ሲጠብ በደጅ ይጠበስበታል። እንግዲህ ለዚህ ጉዞ የትኛውን ምድጃ መግዛት ይሻላል? ነገሩ ትንሽ የሚመስላቸው አንባቢዎች ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜልና ከቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ የሚሠራው፣ በከተማ ፈርኔሎ የምንለው፣ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ በጎኑ ስለሚወጣ ከሰል ይፈጃል። ሁለተኛው በ1980ዎቹ ዓ.ም. የኬንያን ምድጃ አብነት አድርጎ የተሠራው ላቀች ነው። ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ የተተኰሰ ሸክላ ስለ ሆነ ፍሙን አቅፎ ያቈያል፤ ከከሰሉም ሩብ ያህሉን እንደሚያተርፍ ይነገርለታል። የከሰሉ ዋጋ ሲወደድና የግራሩ ዛፍ ሲመነጠር ለሚያይ ሰው ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም። እኔም በቤቴ የማነደው በእርሱ ነው።

ገዢው ብዙውን ጊዜ ሥጋ እያሰበ ሰፊውን ምድጃ ይመርጣል። ነገር ግን የጉራጌ መስቀል ዋና መብል የሆነው ክትፎ እሳትን ብዙ አይሻም፤ ቅቤው ይቀልጣል፣ ለብለብ የሚወድ ካለ ሥጋው ጥቂት ይሞቃል፣ ከዚያ ወዲያ ከጣባው ወደ ቆጮው ነው። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ በዋለ ጊዜማ ለጿሚው የሚጣደው የሽሮ ድስት ብቻ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ከምድጃው ላይ የማትወርደው ጀበና ናት፤ ለእርስዋም ጠባብ አፍና ሦስት ጕልቻ ይበቃታል።

ምርጫዬን የቈረጠው ግን ጥብሱም ቡናውም አይደለም፤ እናቴ ናት። በቡታጅራ አጠገብ የምትኖርበት የቀድሞው ቤት ጎጆ ነበረ፤ ምድጃው ከመካከል ሆኖ ጭሱ በሣር ክዳኑ ውስጥ እየሾለከ ይወጣ ነበር። ጭሱ ሲበዛም ዓይን እያስለቀሰ ሰውን ወደ ደጅ ያስወጣል። ዛሬ ያ ቤት ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መስተዋት ነው፤ በሩም ሲዘጋ ነፋስ አያስገባም።

ከሁለት ዓመት በፊት በበዓሉ ዋዜማ ዝናብ ጥሎ ብርዱ ጸንቶ ነበርና እናቴ፣ «ልጄ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ብቻ ቀርቷል፤ አስገባልኝና ልሙቀው» አለችኝ። ላቀቹን ጭኜ የሄድሁት ያን ዓመት ነው።

«እማዬ፣ የሚገድለው የሚጨሰው ብቻ አይደለም» አልኋት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከእሳት ዳር ተኝቻለሁ፤ መቼ ሞትሁ?»

ስለ ጎጆው እውነቷን ነው። ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ ያወጣል፤ ይህም ቀለምና ሽታ ስለሌለው ዓይን አያስለቅስም፣ አያስነሣም፤ የተኛውን እንደ ተኛ ያስቀረዋል። በአገራችንም የከሰል ፍም ወደ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሞቶ መገኘቱን ደጋግመን ሰምተናል። ምድጃውን በታዛው ሥር ትቼ ጋቢ ደረብሁላት፤ እስከ ማግሥቱ ቡና ድረስ አኵርፋኝ ሰነበተች። ምድጃው ግን ሌሊቱን ለረጅም ሰዓት ፍሙን አላጠፋም፤ በከተማ የምናመሰግነው የሸክላው ጠባይ በዚያ ሌሊት ለእኔ ሥጋት ሆነብኝ፤ እኔ ባልኖር ሌላው ልጅ ለእናቱ አዝኖ ያስገባላት ነበርና።

ስለዚህ ለመስቀል መንገድ ቀላሉን የቆርቆሮ ምድጃ ገዛሁ፤ ከሰል መፍጀቱን ለሦስትና ለአራት ቀን እችለዋለሁ፤ ሸክላ ስለሌለውም መኪናው ሲንገጫገጭ አይሰነጠቅም። ስመርጥ እግሩ ሣሩን እንዳያቃጥል ረዘም ያለውን፣ አመዱን የሚቀበል ወለል ያለውን፣ በታችም ነፋስ የሚያስገባው በር የሚከፈትና የሚዘጋውን ፈለግሁ። እናቴ አንሥታ መዝና፣ «ይህ የልጅ መጫወቻ ነው» ብላ ሳቀችበት። ማታ ማታ ቡናው ሲያበቃ ፍሙን በጓሮ በተቈፈረ ጕድጓድ ደፍቼ አፈር አለብሰዋለሁ፤ ቆርቆሮውም ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ ወደ ቤት የሚገባው ባዶውን ነው።