ስለ ጢማሙ ገንቦ

የሰው መልክ ያለበት አሮጌ ዕቃ ሲገኝ የተመልካች ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በፊቱ ላይ ነው። ዓይን ካረፈ በኋላ ምላስ ስም ያወጣል፤ ስም ከወጣ በኋላ ደግሞ ምርመራ ይቀራል። የዚህን ልማድ ጉዳት እንደ ጢማሙ ገንቦ አድርጎ የሚያስረዳ ዕቃ ጥቂት ነው። ይህ ገንቦ ወደ አራት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ዘመን የአንድ ሊቅ ስም ተሸክሞ ኖሯል። ነገር ግን መልኩ የሊቁ አይደለም፤ ስሙም የፌዝ ስም ነው።

የገንቦው አገር በጀርመን የራይን ወንዝ አካባቢ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ጠባብ፣ እጀታው አንድ ነው። በእጀታው ፊት ለፊት፣ በአንገቱ ላይ፣ ጢሙ ወደ ሆዱ የወረደ የሰው ፊት ተለጥፎበታል፤ ከጢሙም በታች ብዙ ጊዜ የከተማ ወይም የመኳንንት ዓርማ ያለበት ክብ ማኅተም ይታያል። ጀርመኖች «ባርትማን» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ጢማም ሰው ማለት ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ (ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በኮሎኝ ከተማ ይሠራ ነበር። የከተማው ሹማምንት የእሳቱን አደጋና የማገዶውን መወደድ ፈርተው በሸክላ ሠሪዎቹ ላይ ሕግ ስላጠበቁባቸው፣ በመቶ ዓመቱ አጋማሽ ብዙዎቹ በአቅራቢያው ወዳለችው ወደ ፍሬኽን ሄዱ። ከዚያ ጀምሮ ፍሬኽን የጢማሙ ገንቦ ዋና መፍለቂያ ሆነች። ዕቃው በራይን ወንዝ በጀልባ ወደ ሆላንድ ይወርድና ከዚያ በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ አሜሪካና ወደ እስያ ይሄድ ነበር።

የኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪ ያለ መንኰራኵር በእጇ ገንብታ በሜዳ እሳት ትተኵሳለች፤ ስለዚህ እንስራዋ ጥቂት ጥቂት ውኃ ያላባል፤ በዚያውም ውኃውን ያቀዘቅዛል። የራይን ሠሪዎች ግን ጭቃውን በመንኰራኵር አሹረው፣ በተዘጋ ምድጃ ከ1200 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይተኵሱት ነበር። በዚህ ሙቀት ጭቃው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውኃም አያሳልፍም። እሳቱ ከፍ ባለ ጊዜ ወደ ምድጃው ጨው ይጥላሉ፤ ጨውም ተንኖ በጭቃው ውስጥ ካለው የአሸዋ ባሕርይ ጋራ ሲዋሐድ በዕቃው ላይ ስስ መስተዋት ይሆናል። የገንቦው ገጽ የብርቱካን ልጣጭ መስሎ የሚጐረብጠው ስለዚህ ነው። ብረት ያለበት ውሃማ ጭቃ ተቀብቶ ከነበረም ቡናማ ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል።

ስሙ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ካርዲናል ሮቤርቶ ቤላርሚኖ በ1542 ዓመት በኢጣልያ አገር በሞንቴፑልቻኖ ተወለዱ። ከ1570 እስከ 1576 ድረስ በሉቨን አስተማሩ፤ በ1599 ካርዲናል ሆኑ፤ በ1621 አረፉ። ከፕሮቴስታንት ሊቃውንት ጋራ ብርቱ የሃይማኖት ክርክር የጻፉ፣ ከእንግሊዙ ንጉሥ ከቀዳማዊ ጄምስም ጋራ በመጽሐፍ የተከራከሩ ሰው ነበሩ። በዚህ ምክንያት የሚጠሏቸው ሰዎች ሆደ ሰፊውን የመጠጥ ገንቦ «ቤላርሚን» እያሉ ያፌዙባቸው ጀመር። ሰውዬው ግን በቍጥብ ኑሯቸውና ለድኻ በመመጽወታቸው የታወቁ ነበሩ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል፤ የዚህ ገንቦ ስም ግን ከሠሪው ቤት ሳይሆን ከባለጋራ አፍ ወጣ፤ ጎረቤትም ሳይመረምር ተከተለ።

የዘመን ቍጥር ለተመለከተ ሰው ሐሰቱ ወዲያው ይገለጥ ነበር። ጢማሙ ፊት በኮሎኝ ገንቦዎች ላይ የታየው ካርዲናሉ ሳይወለዱ ነው። ሠሪዎቹ ያልተወለደ ሰው መልክ ሊቀርጹ አይችሉም። ሆኖም ስሙ ስለሚያስቅ ከቍጥሩ ይልቅ እርሱ ጸና፤ እስከ ዛሬም በእንግሊዝኛ ይነገራል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1930 ቅድስናቸውን ካወጀች በኋላ እንኳ የገበያው ስም አልተለወጠም። የአንድ ሰው ስም በማያውቀው ዕቃ ላይ እንዲህ ተጣብቆ ከቀረ፣ ዕቃን የሚመረምር ሁሉ ስምን ከምስክሮች ሁሉ በመጨረሻ ሊሰማ ይገባዋል።

እንግዲህ የቀደመው ምስክር ማን ነው? አዋቂዎች ገንቦውን ገልብጠው ከመቀመጫው ይጀምራሉ። ሠሪው ገንቦውን ከሚዞረው መንኰራኵር ላይ በሽቦ ወይም በገመድ ሲቈርጠው በመቀመጫው ላይ የዛጐል መስመር የመሰለ ቅስት በቅስት ይቀራል። ከዚያ በፊት በነበሩት በራረንና በዚግቡርግ ዕቃዎች ላይ ደግሞ የእግሩ ዙሪያ በጣት እየተቈነጠጠ እንደ ጥልፍ ጠርዝ ሆኖ ይገኛል። ሐሰተኛ ዕቃ የሚሠራ ሰው ስለ ፊቱ ብዙ ይደክማል፤ ገዥ አይቶ የሚደነቀው በፊቱ ነውና። ስለ መቀመጫው ግን ብዙ ጊዜ አይጨነቅም። የዕድሜ መበላትም በዚያው ይመረመራል፤ ለብዙ ዘመን በጠረጴዛና በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ገንቦ የሚያልቀው መሬት በነካው ጠርዝ ነው። ያልነካው ጐድጓዳ እኩል ተፍቆ ከተገኘ ግን ያፋቀው ዘመን ሳይሆን የሰው እጅ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ውስጡ ነው። በጥንቱ አሠራር ገንቦው አስቀድሞ በመንኰራኵር ይሠራል፤ ፊቱ ለብቻው በቅርጽ ማውጫ ታትሞ ከውጭ ይለጠፋል። ስለዚህ ብርሃን አስገብቶ ለተመለከተ፣ ከፊቱ በስተጀርባ ያለው የውስጥ ግድግዳ አፍንጫና ጢም ሳይታይበት የሠሪውን የጣት ዙሪያ መስመር ብቻ ይዞ ይገኛል። ቀጭን ጭቃ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ የኋላ ዘመን ዕቃ ከሆነ ግን ከውጭ ያበጠው ሁሉ ከውስጥ ይጐደጕዳል፤ በጐኑም የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ መስመር ይታያል።

ፊቱ የሚመሰክረው ከዚህ በኋላ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠሩት ፊቶች በአመዛኙ የሰው ለዛ ያላቸው፣ ጢማቸው በጥንቃቄ የተቀረጸ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ሥራው እየበዛ ሲሄድ ፊቱ እየሻከረ፣ አፉ እየተጣመመ፣ ጢሙ ወደ ጥቂት መስመር እየወረደ ሄደ። ይሁን እንጂ ፊት ብቻውን አገርን አይነግርም። ጆን ድዋይት የተባለው እንግሊዛዊ በ1672 ዓመት የንጉሥ ፈቃድ ተቀብሎ ለንደን አጠገብ በፉላም ይህን የመሰለ ዕቃ መሥራት ስለ ጀመረ፣ ጢማሙ ፊት ከዚያ ወዲህ የሁለት አገር ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ተጽፎ የሚገኝ የዘመን ቍጥር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ጀርመኖች የአባቶቻቸውን ጥበብ ሊያድሱ ተነሥተው በዌስተርቫልድ፣ በራረንና በዚግቡርግ የጥንቱን ዕቃ እየመሰሉ ሠሩ። ብዙዎቹ ይህን ያደረጉት ለማታለል አልነበረም። ሆኖም የአሮጌ ማኅተም ቅርጽ የሚወስድ ሰው በማኅተሙ ላይ ያለውን ዓመትም አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ በገንቦ ሆድ ላይ የሚነበበው ዓመት የማኅተሙን መጀመሪያ እንጂ የገንቦውን ልደት የግድ አያስረዳም። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኰስ ስለሚያንስ ግን፣ ከአሮጌው ላይ የተወሰደ ቅጂ ከእናቱ ጥቂት ያንሳል፤ መስመሩም ይደበዝዛል። እውነተኛ የዘመን ምስክር የሚሆኑት እንደ ባሕር ያሉ ናቸው። ቨርጉልደ ድራክ የተባለው የሆላንድ መርከብ በ1656 ዓመት በምዕራብ አውስትራልያ ጠረፍ ሲሰጥም ጢማም ገንቦዎች ጭኖ ነበር። ከርሱ የወጡት ገንቦዎች ከዚያ ዓመት በፊት መሠራታቸውን ማንም ሊክድ አይችልም፤ ሌሎቹም ከነርሱ ጋራ እየተነጻጸሩ ይመረመራሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለገበያ ዋጋ ብቻ የሚደረግ መስሎ የታየው ሰው በ2004 ዓመት በለንደን ክፍል በግሪኒች ከመሬት የወጣውን ገንቦ ያስብ። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር፣ ድግምት ተደርጎብኛል ብሎ የፈራ ሰው የራሱን ሽንት፣ ምስማርና መርፌ በጢማም ገንቦ ከቶ፣ ክፋቱ ወደ ላከው ይመለሳል በማለት በምድጃ ወይም በደጃፍ ሥር ይቀብረው ነበር። የግሪኒቹ ገንቦ እንደ ተከደነ ተገኘ። ያገኙት ሰዎች ቡሹን ነቅለው፣ ውስጡን አጥበው፣ ፊቱን ወልውለው ቢሸጡት ኖሮ ከብዙ ገንቦዎች አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር። እነርሱ ግን አልከፈቱትም። በራጅ ሲታይ ምስማሮቹና መርፌዎቹ በአንገቱ ተከማችተው ስለ ተገኙ ተገልብጦ መቀበሩ ታወቀ፤ ፈሳሹም በቡሹ በኩል በመርፌ ተቀዳ። በ2009 በወጣው የምርመራ ውጤት ውስጥ 12 የብረት ምስማር፣ 8 የናስ መርፌ፣ ጠጕር፣ የእጅ ጥፍር ቍራጭ፣ ድኝ፣ በምስማር የተወጋ የልብ ቅርጽ ያለው ቍራጭ ቆዳ ተቈጠረ። ፈሳሹ የሰው ሽንት መሆኑ ታወቀ፤ የትምባሆ ምልክትም ነበረበት። ጥፍሩ በከባድ የእጅ ሥራ የሻከረ አልነበረም።

በአንድ ገንቦ ላይ ሁለት ሰዎች እንዲህ ተገናኙ። ከውጭ ስሙ የሚነገረው ሊቅ ከገንቦው ጋራ አንዳች ጉዳይ አልነበረውም። ከውስጥ ያለው ግን ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ትምባሆ የሚጠጣ፣ ከኑሮው ደኅና የነበረ፣ በጎረቤቱ ወይም በዘመዱ ክፋት የተያዘ መስሎት ሌሊት የማይተኛ አንድ ሰው ነው። ጭንቀቱ የተሳሳተ እምነት ይሁን እንጂ፣ ጭንቀት መሆኑ እውነት ነበር፤ ወደ እኛ ዘመንም የደረሰው ያገኙት ሰዎች ለመፍረድ ስላልቸኰሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሰው ፊት ያለበት አሮጌ ሸክላ በእጁ የገባለት ሁሉ፣ ከማጠቡ በፊት ውስጡን ይይ፤ ስሙን ከመናገሩ በፊት ይገልብጠው።